ሁለት ሞገዶች ሲጠፋፉ ዋቱ የት ይገባል?

ሰባታሚት
ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ባሕር ዳር ነው፤ ፖሊ (ፖሊ ቴክኒክ)፣ ኤሌክትሪካል፣ የመጨረሻ ዓመት። አንድ ስሌት ይዞኝ እንቅልፍ ነስቶኛል፤ እስቲ የምታውቁ እርዱኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ50 ኦም ኬብል የሚመጣ ሲግናል አለ። ጫፉ ላይ ያለው ሎድ (ጉልበቱን የሚቀበለው) ግን 112.5 ኦም ነው። እንዲሁ ቢገናኙ ኤስደብሊውአሩ (ምን ያህል ሞገድ ተንጸባርቆ እንደሚመለስ የሚያሳየው ቁጥር፤ 1 ማለት የሚመለስ የለም) 2.25 ይመጣል። መሃል ላይ ሩብ ሞገድ (የሞገዱን ርዝመት ሩብ) የሚረዝም የ75 ኦም ኬብል ከገባ ግን በ50 ኦሙ በኩል የሚመለስ ነገር አይኖርም። ቀመሩን አውቀዋለሁ፤ 50 በ112.5 ሲባዛ 5625፣ የዚህ ስኩዌር ሩት ደግሞ 75።

የቸገረኝ ማብራሪያው ነው። 100 ዋት እንላክ። 50 እና 75 የሚገናኙበት ቦታ ላይ 4 ዋት ተንጸባርቆ ይመለሳል። ከሎዱ የተንጸባረቀው ሞገድ ደግሞ መጋጠሚያውን አልፎ፣ በተቃራኒ ፌዝ (አንዱ ከፍ ሲል ሌላው ዝቅ እያለ)፣ ሌላ 4 ዋት ሆኖ ይመጣል። ሁለቱ ይጠፋፋሉ ይባላል። እሺ ይጠፋፉ። 8ቱ ዋት ግን የት ገባ? ጉልበት አይፈጠርም፣ አይጠፋም ተብለን ነው ያደግነው።

ሽቦ ቆራጭ
ሙቀት ሆኗል። ኬብሉን በእጅህ ያዘው፣ ይሞቃል።

ሰባታሚት
አይደለም ወንድሜ። ኬብሉ ምንም ብክነት የለውም ብለን አስልተን እንኳ ውጤቱ ያው ነው። ሎዱ ሙሉውን 100 ዋት ይቀበላል። ስለዚህ የጎደለ የለም። የጎደለ ከሌለ ታዲያ የጠፋፋው ምንድን ነው?

የድሮ ቴክኒሻን
ልጄ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። አብዛኛው ሰው ቀመሩን ሸምድዶ ያልፋል።

እኔ በሬዲዮ ጣቢያ ሥራ ያየሁትን ልንገርህ። ሁለት ባለ 1 ኪሎ ዋት ትራንስሚተሮች በሃይብሪድ ኮምባይነር ይደመራሉ። ኮምባይነሩ ሁለት መውጫ አለው። አንዱ ወደ አንቴና ይሄዳል፣ ሌላው ሪጀክት ሎድ ከሚባለው ትልቅ ሬዚስተር ጋር የተያያዘ ነው። ፌዙ ልክ ሲሆን በሪጀክቱ በኩል ሞገዶቹ ይጠፋፋሉ፤ በአንቴናው በኩል ይደጋገፋሉ። 2 ኪሎ ዋቱ በሙሉ አየር ላይ ይወጣል። የአንዱን ፌዝ ገልብጠው። አሁን አንቴናው ጋ ምንም የለም፤ ሪጀክት ሎዱ ግን 2 ኪሎ ዋት ተሸክሞ እንደ ምጣድ ይግላል።

አንዱ ትራንስሚተር ቢሞትስ? የቀረው 1 ኪሎ ዋት እኩል ይከፈላል፤ 500 ወደ አንቴና፣ 500 ወደ ሪጀክት። ጣቢያው ከ2 ኪሎ ዋት ወደ 500 ዋት ይወርዳል ማለት ነው፤ ወደ ሩቡ። አዲስ ኦፕሬተር ይህን ሲያይ ሁለተኛውም የተበላሸ ይመስለዋል። አልተበላሸም፤ በሪጀክቱ በኩል የሚያጠፋለት ጓደኛ አጥቶ ነው።

በአንዱ በር ከጠፋ በሌላው በር ፈልገው። ያንተም መጋጠሚያ ሁለት በር አለው።

ሩብ ሞገድ
ጋሼ ያሉት ልክ ነው። እኔ በቁጥር ልጨምርበት፤ ሰባታሚት፣ ወረቀት ያዝ።

100 ዋት በ50 ኦም ላይ 70.7 ቮልት ነው። መጋጠሚያው ላይ የማንጸባረቅ ምጣኔው የሁለቱ ኦም ልዩነት ለድምራቸው፣ 25 ለ125 ነው፤ 0.2። ስለዚህ 14.1 ቮልት ወደ ኋላ ይመለሳል። በ50 ኦም ላይ ይህ ያልከው 4 ዋት ነው። ወደ 75ቱ የሚያልፈው ደግሞ 1.2 እጥፍ፣ 84.9 ቮልት። በ75 ኦም ላይ 96 ዋት። 96 እና 4፣ መቶ። እዚህ ድረስ ሁላችንም እንስማማለን።

አሁን ወደ ሎዱ እንሂድ። 37.5 ለ187.5፣ እዚህም 0.2። ሁሉም ነገር ከተረጋጋ በኋላ በ75ቱ ኬብል ውስጥ ወደ ፊት 88.4 ቮልት ይሄዳል፣ ወደ ኋላ 17.7 ቮልት ይመለሳል። የተመለሰው ሩብ ሞገድ ሄዶ ሩብ ሞገድ ተመልሷል፤ በጠቅላላው ግማሽ ሞገድ ዘግይቷል። ስለዚህ መጋጠሚያው ላይ ሲደርስ ምልክቱ ተገልብጧል፤ −17.7።

እዚህ ቦታ ላይ ሁለት ነገር ይሆናል። ብዙ ማብራሪያ አንዱን ብቻ ተናግሮ ሁለተኛውን ይዘልለዋል።

አንደኛው፣ ከ−17.7ቱ ላይ 0.8 እጁ ወደ 50 ኦሙ ያልፋል። −14.1 ይሆናል። ከመጀመሪያው +14.1 ጋር ሲገናኝ ዜሮ። ይህ «ተጠፋፉ» የሚባለው ነው።

ሁለተኛው፣ መጋጠሚያው እሱንም ያንጸባርቀዋል። ከ75 ወደ 50 ሲታይ ምጣኔው −0.2 ነው። የመጣው ቮልቴጅም ነጌቲቭ ነው። ነጌቲቭ በነጌቲቭ፣ +3.5 ቮልት። ይህች ወደ ሎዱ ትዞራለች።

3.5 ቮልት ብቻዋን በ75 ኦም ላይ 0.17 ዋት ናት። እዚህ ግባ የማትባል። ግን ብቻዋን አትሄድም። ከ84.9ኙ ጋር በአንድ ፌዝ ናት። 84.9 እና 3.5፣ 88.4 ቮልት። 88.4 ቮልት በ75 ኦም ላይ ስንት ነው? 104.17 ዋት። ዋት በዋት ብትደምር ግን 96 እና 0.17 የሚሰጥህ 96.17 ብቻ ነበር። ልዩነቱን አስላው። 8 ዋት።

የምትፈልገው 8 ዋት እሱ ነው። በ50ው በኩል 4 + 4 − 8 = 0። በ75ቱ በኩል 96 + 0.17 + 8 = 104.17። መቀነሱና መጨመሩ በአንድ ጊዜ፣ በአንዲት መጋጠሚያ ላይ ነው የሚሆነው። አንዱ ያለ ሌላው ሊሆን አይችልም።

ሽቦ ቆራጭ
ይቅርታ እህቴ፣ 100 ዋት የሚሰጥ ትራንስሚተር እንዴት 104 ዋት ይወጣዋል? ትርፉ 4 ከየት መጣ?

ሩብ ሞገድ
ወደ ፊት 104.17 ይሄዳል ስል ወደ ኋላም 4.17 እየተመለሰ ነው። ሲቀናነስ ልክ 100። ሎዱ የሚበላው 100፣ ትራንስሚተሩ የሚሰጠው 100። ያቺ 4.17 በሎዱና በመጋጠሚያው መካከል እየተመላለሰች የምትኖር ናት። ትርፍ አይደለችም። ለ75 ኦም የተስተካከለ ዋት ሜትር መሃል ብታስገባ በእርግጥም ወደ ፊት 104 ያነብልሃል፤ ወደ ኋላ አዙረህ ካላነበብክ ግን ግማሹን ታሪክ ነው ያየኸው።

ዋት ከዋት ጋር የማይደመረው ዋት የሚያድገው በቮልቴጅ ስኩዌር ስለሆነ ነው። 3 እና 1 ቮልት በአንድ ፌዝ ሲገናኙ 4 ይሆናሉ፤ ስኩዌሩ 16 ነው። ለየብቻ ስኩዌር ካደረግካቸው ግን 9 እና 1፣ 10። በተቃራኒ ፌዝ ከሆኑ 2 ይሆናሉ፤ ስኩዌሩ 4። 16 እና 4ን ለሁለት ብታካፍል 10 ይመጣል። ከአንዱ የጎደለው 6 ሌላው ላይ ተጨምሮ ታገኘዋለህ።

ሽቦ ቆራጭ
አሁን ገባኝ። እግዜር ይስጥልኝ።

ሰባታሚት
በጣም አመሰግናለሁ እህቴ። ሌሊቱን አንድ ነገር አሰላሁ፤ እዩልኝ።

ሁሉም ነገር «ከተረጋጋ በኋላ» ስላልሽ፣ ከመረጋጋቱ በፊትስ ብዬ ጀመርኩ። 14.15 ሜጋ ኸርትዝ ወሰድኩ። አንድ ዙር 70.7 ናኖ ሰከንድ ነው። በሩብ ሞገድ ኬብል ደርሶ መልስ የዚህ ግማሽ፣ 35 ናኖ ሰከንድ ገደማ።

በመጀመሪያዎቹ 35 ናኖ ሰከንዶች መጋጠሚያው ጫፉ ላይ ሎድ መኖሩን እንኳ አያውቅም። ስለዚህ 4 ዋቱ እውነት ይመለሳል። የሚያጠፋው የለም። ከዚያ የሎዱ የመጀመሪያ ምላሽ ይደርሳል፤ 84.9 ሲባዛ በ0.2፣ ሲባዛ በ0.8፣ ማለትም −13.6 ቮልት። ከ14.1ዱ ላይ የሚተርፈው 0.57 ቮልት ነው። ይህ በ50 ኦም ላይ 6 ሚሊ ዋት ገደማ ነው። ከ4 ዋት ወደ 6 ሚሊ ዋት፣ በአንድ ምልልስ ብቻ! በሚቀጥለው ምልልስ ቮልቴጁ እንደገና 25 ጊዜ ያንሳል። መጨረሻ የለውም፣ ግን ቶሎ ወደ ዜሮ ይጠጋል።

ልክ ነኝ?

ሩብ ሞገድ
ልክ ነህ። ደስ የሚል ስሌት ነው። 4.17ቷ ዋት ከየት እንደመጣችም በዚህ ታያለህ፤ ገና ሲጀመር ሎዱ ከ100 በታች በሚቀበልበት ጊዜ በኬብሉ ውስጥ የተጠራቀመች ናት። ትራንስሚተሩን ስታጠፋው መልሳ ትወጣለች።

እግረ መንገዴን፣ ይህ ሁሉ የተመሠረተበትን እኩልታ በ1880ዎቹ ያወጣው ኦሊቨር ሄቪሳይድ ነው። በ16 ዓመቱ ትምህርት ቤት የተወ የቴሌግራፍ ሠራተኛ ነበር፤ ሒሳቡን ለብቻው ነው የተማረው። በ1888 ደግሞ ኸርትዝ ካርልስሩኸ ውስጥ ከዚንክ ቆርቆሮ ላይ ሞገድ አንጸባርቆ፣ የሚጠፋበትንና የሚያይልበትን ቦታ እየለካ የሞገዱን ርዝመት አገኘ። ሬዲዮ ጣቢያ የሚባል ነገር ገና ሳይኖር ሞገድ ማጠፋፋት የመለኪያ መሣሪያ ነበር ማለት ነው።

ጊሽ ዓባይ
እኔ ያልተዋጠልኝ አለ። ሁለት አንቴና አጠገብ ለአጠገብ፣ በጣም አቀራርቤ ልትከል። በተቃራኒ ፌዝ ልመግባቸው። በየትኛውም አቅጣጫ ቢሄዱ ይጠፋፋሉ። ጋሼ «ሌላ በር ፈልግ» ብለዋል። እዚህ ሌላው በር የት ነው?

የድሮ ቴክኒሻን
ልጄ፣ እንዲህ ስታደርግ ጉልበቱ መጀመሪያውኑ አይወጣም። አንዱ አንቴና ሌላው ላይ የሚያሳድረው ቮልቴጅ አለ፤ በዚህ ምክንያት የሁለቱም የመጨረር ኦም (ወደ አየር የሚወጣውን ጉልበት የሚወክለው) ወደ ዜሮ ይወርዳል። ትራንስሚተሩ የሚያየው ሾርት የሚመስል ነገር ነው። የላከው ወደ ራሱ ይመለሳል፤ ገፍተህ ከረንት ብታስገባ ደግሞ የአንቴናው ሽቦ ይሞቃል። በየትም አቅጣጫ የሚጠፋ ነገር ካየህ ምንጩ መስጠት አቁሟል ማለት ነው።

ጊሽ ዓባይ
እሺ፣ በሾርት የተዘጋ ኬብልስ? ጫፉ ላይ ቮልቴጁ ዜሮ ነው። እዚያ ነጥብ ላይ ጉልበት የለም ማለት ነው?

ሩብ ሞገድ
አለ። ቮልቴጁ ዜሮ በሆነበት ቦታ ከረንቱ እጥፍ ነው። በኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ የነበረው በመግነጢስ መስክ ውስጥ ይገኛል። ሩብ ሞገድ ወደ ኋላ ብትመለስ ደግሞ የተገላቢጦሽ፤ ከረንቱ ዜሮ፣ ቮልቴጁ እጥፍ። ቮልቴጅ ብቻ የሚለካ ሰው ነው ጠፋ የሚለው።

ዘጌ ማዶ
ውይይታችሁን ከመጀመሪያው ተከታትዬዋለሁ። የእኔ ችግር ከዚሁ ጋር ይዛመድ ይሆን? በሐይቁ ላይ የሚያልፍ የ5.8 ጊጋ ኸርትዝ ሊንክ አለን። ርቀቱ 6 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሁሉም ውሃ፣ መሃል የሚከልል ደሴት የለም። አንዱ ዲሽ ከውሃው 15 ሜትር ከፍ ይላል። ሌላኛው 7 ሜትር ነበር። ይሻላል ብለን ማስቱን (ዲሹ የተሰቀለበትን ምሰሶ) ወደ 10 ሜትር ከፍ አደረግነው። ባሰበት! ግንቦት ላይ ጨርሶ ሞተ። መስከረም ላይ ማንም ሳይነካው በራሱ ተነሣ። ዲሹን አዙረን ዓይተናል፣ ሬዲዮውንም ቀይረናል። ምንድን ነው ነገሩ?

ሩብ ሞገድ
ወንድሜ፣ ሬዲዮህ ምንም አልሆነም። ጣና ነው።

ወደ ማዶ ሁለት ሞገድ ይደርሳል። አንዱ በቀጥታ፣ አንዱ ውሃውን ነክቶ። በእንዲህ ያለ ጠባብ ማዕዘን ውሃ እንደ መስተዋት ያንጸባርቃል፣ ምልክቱንም ይገለብጣል። የሁለቱ መንገድ ልዩነት የሁለቱ ከፍታዎች ብዜት በ2 ተባዝቶ ለርቀቱ ሲካፈል ነው። 15 በ10፣ 150። በ2 ሲባዛ 300። ለ6000 ሲካፈል 5 ሳንቲ ሜትር። የ5.8 ጊጋ ኸርትዝ የሞገድ ርዝመት ስንት ነው? 5.2 ሳንቲ ሜትር ገደማ። አንድ ሙሉ ሞገድ ልዩነት ማለት ፌዙ ባለበት ነው፤ በዚህ ላይ የውሃው መገልበጥ ሲጨመርበት ሁለቱ በተቃራኒ ፌዝ ይገናኛሉ። ዲሹን በትክክል የሚጠፋፉበት ከፍታ ላይ አስቀምጣችሁታል።

7 ሜትር ላይ ሳለ ብዜቱ 105 ነበር፤ ደህና ቦታ። ወደ 5 ሜትር ብታወርዱት ደግሞ ከሁሉ ይሻላል። ወደ 15 ብታወጡትም እንዲሁ። እዚያ ቮልቴጁ እጥፍ፣ ኃይሉ አራት እጥፍ ነው። 10 ሜትር ላይ ዜሮ፣ 5 እና 15 ላይ አራት፤ ከፍታውን ሁሉ አማካይ ብትወስድ ሁለት ይመጣል። አንዱ የቀጥታው ሞገድ ድርሻ፣ አንዱ የተንጸባረቀው። የጎደለ የለም፤ ከፍታ ለውጦ ነው።

መስከረም ላይ ለምን ተነሣ? ሐይቁ ከክረምቱ በኋላ ስለሞላ። ውሃው 1 ሜትር ሲነሣ 15ቱ 14፣ 10ሩ 9 ይሆናል። ብዜቱ ከ150 ወደ 126 ይወርዳል። ከሚጠፋፉበት ቦታ ወጣችሁ። ግንቦት ሲመጣ ሐይቁ ይጎድላል፣ ተመልሳችሁ ትገባላችሁ።

ዘጌ ማዶ
ይገርማል! ግን ከሰዓት በኋላ ንፋስ ሲነሣ ሐይቁ ይናወጣል። ያኔ መስተዋት መሆኑ አይቀርም ነበር?

ሩብ ሞገድ
በዚህ ማዕዘን አይቀርም። ጨረሩ ውሃውን የሚነካው በሩብ ዲግሪ ገደማ ነው። እንዲህ ባለ ማዕዘን፣ በዚህ ፍሪኩዌንሲ፣ የማዕበሉ ከፍታ ወደ 1.5 ሜትር ካልተጠጋ ውሃው ለሬዲዮው ለስላሳ ነው። ለታንኳ የሚያስፈራው ማዕበል ለዲሽህ ምንም አይደለም። ማስቱን ወደ 5 ሜትር አውርዱት፤ ግን ጀልባና የዳር ቄጤማ እንዳይከልለው ተጠንቀቁ። ከፈራችሁ በሁለት ከፍታ ሁለት ዲሽ ስቀሉ፤ አንዱ ሲጠፋ ሌላው ይሰማል።

የድሮ ቴክኒሻን
እኔም አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፣ ልጆቹ እንዳይታለሉ። ረጅምና ቀጭን ኬብል ላይ ኤስደብሊውአር ከታች ለክታችሁ አትመኑ። 3 ዴሲቤል የሚያባክን ኬብል ጫፉ ላይ አንቴና ጭራሽ ባይኖረው፣ ተቆርጦ ቢወድቅ እንኳ፣ ከታች 3 ለ 1 ብቻ ነው የሚያሳየው። የሄደው በመንገድ ግማሽ ሆነ፣ የተመለሰውም እንደገና ግማሽ ሆነ። እዚህ ሞገድ ሞገድን አላጠፋም፤ እውነትም ሙቀት ሆኗል። ሽቦ ቆራጭ መጀመሪያ ያለው እዚህ ቦታ ላይ ይሠራል። ጣሪያ ላይ ውጡና አንቴናው ሥር ለኩ።

ሽቦ ቆራጭ
አመሰግናለሁ ጋሼ። ያጋጠመኝ ነገር ነበር፣ አሁን ምክንያቱን አወቅኩ።

ሰባታሚት
ጋሼ፣ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አሁን በእጄ ልሠራው ነው። አንቴና የለኝም፣ ወደ አየርም የምለቀው የለም፤ ሎዱን በሬዚስተር ነው የማደርገው። 75 ኦም ኬብል ግን ከየት አመጣለሁ?

የድሮ ቴክኒሻን
የዲሽ ኬብል 75 ኦም ነው፤ የትም ሱቅ ታገኛለህ። ለሎዱ ባለ 220 ኦም ሁለት ሬዚስተሮች ጎን ለጎን በየዳቸው፤ 110 ይሰጡሃል። ይበቃል። ሽቦ የተጠመጠመበትን ዓይነት ግን አትግዛ፤ እሱ ራሱ ኮይል ነው። እግራቸውን አሳጥረህ በይድ።

ሩብ ሞገድ
ርዝመቱን ደግሞ በግምት አትቁረጥ። የ14.15 ሜጋ ኸርትዝ ሩብ ሞገድ በአየር ላይ 5.3 ሜትር ነው፤ በኬብል ውስጥ ግን ሞገዱ ስለሚዘገይ ያጥራል። ውስጡ ፎም በሆነ የዲሽ ኬብል ፍጥነቱ የአየሩ 0.82 ገደማ ነው፤ 4.35 ሜትር። ውስጡ ድፍን ፕላስቲክ ከሆነ 0.66፣ 3.5 ሜትር። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ 4.6 ሜትር ቁረጥ፣ የሩቁን ጫፍ ክፍት ተወው፣ ናኖ ቪኤንኤ (ኢምፔዳንስን፣ ማለትም ለሞገዱ የሚታየውን ኦም፣ በየፍሪኩዌንሲው የሚለካ ትንሽ መሣሪያ) ላይ ሰካው። ከታች ጀምረህ ፍሪኩዌንሲውን ስትጨምር ኢምፔዳንሱ መጀመሪያ ወደ ዜሮ የወረደበት ቦታ ሩብ ሞገዱ ነው። ከ14.15 በታች ከመጣ ትንሽ ትንሽ እያልክ ከርክም። አንዴ ካለፍከው መቀጠል አይቻልም።

ሎዱን ከገጠምክ በኋላ በ50ው በኩል ኤስደብሊውአሩ 1.02 ገደማ ቢመጣ አትደንግጥ፤ 110 እንጂ 112.5 ስላልሆነ ነው። ከዚያ ፍሪኩዌንሲውን ወደ 28.3 አሳድገው። ኬብሉ ግማሽ ሞገድ ይሆናል፣ መጥፋቱም ይቀራል፤ 110ሩ እንዳለ ይታይሃል፣ 2.2። ሁለቱንም መዝግብና ለጥፍልን።

ሰባታሚት
ነገ ኬብሉን እገዛለሁ። ሁለቱንም እለጥፋለሁ።